ሞተር ሲጠፋ መኪና ሻጭ ምን ይሸጣል? የአጎቴ መደርደሪያ እና የኤሌክትሪክ መኪና

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው አጎት አሉኝ። ለበዓል ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ እንደ ልማዴ ሱቃቸው በር ላይ ባለችው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ሻይ አዘዙልኝና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«አንተ እንግዲህ መሐንዲስ ነህ። ባንክ ብድር ሊሰጠኝ ነው፤ ሱቁን አስፍቼ የሞተር ዕቃ ልሞላበት አስቤ ነበር። ግን ‹የቤንዚን መኪና ከእንግዲህ አይገባም› ተብሏል። ይሄ የኤሌክትሪክ መኪና ከመጣ እኔ ምን ልሸጥ ነው?»

አፌ ላይ የመጣው መልስ ስለ ንጹሕ አየር ነበር። ግን እሳቸው የጠየቁኝ ስለ አየር አይደለም፤ ስለ ብድር ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ አስቤ ያገኘሁት መልስ ነው። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ መካኒክ፣ ሾፌር፣ መለዋወጫ ሻጭ ወይም መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ጥያቄው የእናንተም ነውና አብረን እንየው።

መደርደሪያውን አንድ በአንድ

የአጎቴ ሱቅ ሦስት ግድግዳ አለው። የግራው ግድግዳ የሞተር ነው፦ የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን፣ የነዳጅ ፓምፕ። ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ፍሪሲዮን፣ የካምቢዮ ዕቃ፣ ማርሚታና የፍሬን ሸራ ይዟል። የቀኙ ላይ ጎማ፣ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ፣ ስፖኪዮ፣ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ አለ።

ብዙዎቹ ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ልብ በሉ። እኛ ስናድግ እነዚህን ቃላት የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጋራዥ ነው። እያንዳንዱ ቃል ደግሞ አንድ የሚያልቅ፣ የሚቃጠል ወይም የሚበጠስ ዕቃ ነው። የአጎቴ እንጀራ የተመሠረተውም በዚሁ ማለቅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። የግራው ግድግዳ ለምን ኖረ? የቤንዚን ሞተር ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ውስጡ ያቃጥላል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ውስጡ በደቂቃ 6,000 ያህል ትንንሽ ፍንዳታ ይካሄዳል። የእሳቱ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ፍትጊያውን ለመቀነስ ዘይት ያስፈልጋል፤ ዘይቱ በሙቀትና በጥላሸት ይበላሻል፤ ስለዚህ ይቀየራል፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። ካንዴላው ያረጃል፣ ቺንጋው ይላላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይበላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ምንም አያቃጥልም። የኤሌክትሪክ ጅረት መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጥራል፣ ያ ኃይል መሀል ያለውን ዘንግ ያዞራል፤ በቃ። የሚዞረው ክፍል ከዙሪያው ካለው ክፍል ጋር አይነካካም፤ የሚነካው ኩሽኔታው ብቻ ነው። የቤንዚን መኪና ከነዳጁ ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ሲሆን ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ መኪና ከባትሪው ካወጣው ጉልበት 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ለጎማው ያደርሳል። ሙቀትም፣ ፍትጊያም፣ ጥላሸትም ሲቀንስ የሚያልቀው ዕቃም ይቀንሳል። ስለዚህ የግራው ግድግዳ፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝና፣ ከነመደርደሪያው ይሄዳል።

ፊት ለፊት ያለው ግድግዳስ? ፍሪሲዮን ያስፈለገው የቤንዚን ሞተር ቆሞ መነሳት ስለማይችል ነው፤ ሁልጊዜ መዞር አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከዜሮ ተነስቶ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ስለዚህ ፍሪሲዮን የለውም፤ አብዛኛዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚቀያየር ማርሽም የላቸውም። ጭስ ስለሌለ ማርሚታ የለም። የፍሬን ሸራ አለ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ለምን እንደሆነ ዓባይ በረሃ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የቀኙ ግድግዳ ይቀራል። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ጉድጓዱም ያው ጉድጓድ ነው። እንዲያውም ባትሪው ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ300 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ የኤሌክትሪክ መኪና ይከብዳል፤ ጎማውም አሞርዛተሩም ቶሎ ቢያልቅ አይገርምም።

አንድ ሙሉ ግድግዳ፣ ደግሞም የሌላው ግድግዳ አብዛኛው፣ ጠፋ ማለት ነው። ግን ይህ አጎቴን ብቻ የሚነካ አይደለም። አጎቴ የሰንሰለቱ ጫፍ ናቸው፤ የሰንሰለቱ መጀመሪያ ያለው አዲስ አበባ፣ ትልልቆቹ የመኪና መሸጫዎች ዘንድ ነው።

መኪና ሻጭ ከምን ይኖራል?

የመኪና መሸጫ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትልቅ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ወለልና ያልተነካ መኪና ነው። ይህ ግን ፊቱ ብቻ ነው። ወኪል የሚባለው አስመጪ አራት ሥራ አለው። ከአምራቹ ጋር በገባው ውል መኪናውን ያስመጣል፤ ለገዢው ያሳያል፣ ያማክራል፤ ከተበላሸ በዋስትናው መሠረት ይጠግናል፤ ከዚያም ለዓመታት መለዋወጫና ሰርቪስ ያቀርባል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው የቶዮታ ወኪል ሞኤንኮ፣ የኒሳኑ ኒያላ ሞተርስ፣ የሃዩንዳዩ ማራቶን ሞተር ይህን ዓይነት ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው።

ታዲያ ትርፉ ከየትኛው ሥራ ነው የሚመጣው? ብዙ ሰው «ከሽያጩ ነዋ!» ይላል። አሜሪካ ውስጥ የመኪና መሸጫዎች ጥቅል ትርፍ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከሰርቪስና ከመለዋወጫ ነው፤ ያውም ይህ ክፍል ከጠቅላላ ገቢያቸው ትንሹ እጅ ሆኖ ሳለ። መኪናው የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ደንበኛው ግን ደጋግሞ ይመለሳል።

በራሳችን መንገድ እንቁጠረው። አንድ ሚኒባስ በቀን 200 ኪሎ ሜትር ይሠራል እንበል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቢቀየርለት በየ25 ቀኑ፣ ማለትም በዓመት 14 ጊዜ ያህል ሰርቪስ ይገባል። ያ ሁሉ መመላለስ ለሾፌሩ ወጪ ነው፤ ለሻጩ፣ ለጋራዡና ለአጎቴ ግን ገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይህን ምልልስ ይሰርዘዋል። ለባለመኪናው ግሩም ዜና ነው። ግን ያ ምልልስ ሌላ ነገርም ያኖር ነበር፦ መካኒኩን፣ መለዋወጫ መጋዘኑን፣ «ይሄ መኪና ይሄ ድክመት አለበት» ብሎ የሚነግራችሁን ሰው። ከመኪናው ጀርባ የሚቆም ሰው ደመወዝ የሚያገኘው ከመበላሸቱ ነበር።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ተጋፈጠው? የአሜሪካው ቴስላ ገና ከጅምሩ ወኪል አያስፈልገኝም ብሎ ራሱ በኢንተርኔትና በራሱ ማሳያ ቦታ መሸጥ ጀመረ። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን አምራቹ ወኪሉን ዘሎ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ነበራቸው። ለዚህ ነው ቴስላ ቴክሳስ ውስጥ ግዙፍ ፋብሪካና ዋና መሥሪያ ቤት እያለው በዚያው ግዛት በቀጥታ መሸጥ ያልተፈቀደለት። ብዩክ የተባለው ስም ያላቸው የአሜሪካ ወኪሎች ደግሞ «ወደ ኤሌክትሪክ ለመሸጋገር ገንዘብ አውጡ፣ ወይም ካሳ ወስዳችሁ ውጡ» ሲባሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ግማሽ የሚጠጉት ካሳውን ወስደው ወጡ። በሌላ በኩል ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ፤ የመኪና ነጋዴዎቹ ግን አልጠፉም። ሥራቸው ነው የተቀየረው። ስለዚህ «ሻጭ ይጠፋል» ማለት ቀላል፣ ግን የተሳሳተ መልስ ነው።

ጥር 2016 እና በሩ የተቀየረበት ገበያ

እኛ ጋ ለውጡ የመጣው ከሌላው ዓለም በተለየ መንገድ ነው። መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወጣ፤ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ከዱባይ ያገለገለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ እያስመጡ ይሸጡ የነበሩ ነጋዴዎች እጃቸው ታሰረ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች በሩን ከፈተ፦ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው፣ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትነው የሚገቡት 5 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው የሚገቡት ደግሞ ምንም እንዳይከፍሉ ተወሰነ። በመጨረሻም በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ኢትዮጵያ ይህን በማድረግ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

ምክንያቱ በዋናነት የአየር ንብረት አይደለም፤ ዶላር ነው። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። በአንጻሩ ኤሌክትሪኳ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ውኃ ደግሞ የጎጃምን ደጋ ከብቦ የሚወርደው ዓባይ ነው። የእኛው ጭቃና ዝናብ ተርባይን ሲያዞር፣ ያው ጉልበት ተመልሶ መኪና ቢያስነዳ ማን ይጠላል?

አሁን ራሳችሁን በወኪሉ ቦታ አስቀምጡ። ለአሥርተ ዓመታት ከአንድ የጃፓን ኩባንያ ጋር በውል ታስራችኋል። ኩባንያው በቤንዚን መኪና የታወቀ ነው፤ የሚሰጣችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ዓይነት ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። አጠገባችሁ ያለው ተራ ነጋዴ ግን ውል የለበትም። ቻይና ሄዶ የፈለገውን ይገዛል፤ ቢዋይዲ፣ ቻይና ውስጥ የተሠራ ፎልክስዋገን አይዲ 4፣ ሌላው ቀርቶ ቻይና ውስጥ የተሠራ የቶዮታ የኤሌክትሪክ መኪና ሳይቀር ያመጣል። የቶዮታ ወኪል በቶዮታ ሲቀደም አስቡት! ለዓመታት የወኪሉ ጉልበት የነበረው ውል ራሱ ገመድ ሆነ።

ሁሉም ግን ቆሞ አልቀረም። ማራቶን ሞተር ገና በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እዚሁ የተገጣጠመ የሃዩንዳይ አዮኒክ የኤሌክትሪክ መኪና አስመርቋል። ቡሬ ላይ የዘይት ፋብሪካ ያለው የበላይነህ ክንዴ ቡድን ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይገጣጥማል። ስለ ስም ካነሳን ደግሞ፣ እኛ «ዶልፊን» ስንል አሮጌውን የቶዮታ ሚኒባስ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ዶልፊን ገዛሁ» የሚል ሰው ትንሽ የቢዋይዲ መኪና ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ተራው ነጋዴ ከአራቱ የወኪል ሥራዎች የሚሠራው አንዱን ብቻ ነው፤ ማስመጣቱን። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ስክሪኑ በቻይንኛ ሊያናግራችሁ ይችላል፤ የቻርጅ ሶኬቱ የቻይና ደረጃ ነው፤ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ ከቻይና ድንበር አያልፍም። ማማከሩ፣ ዋስትናውና ጥገናው ባለቤት አጡ። እንዲህ ያለው ባለቤት ማጣት አዲስ አበባ ላይ ያስቸግራል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን መንገድ ላይ ያስቀራል። እንዴት የሚለውን በቁጥር ላሳያችሁ።

የወረቀቱ ኪሎ ሜትር እና የዓባይ በረሃ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለው ትንሽ መኪና፣ አነስተኛው ባትሪ የተገጠመላት፣ በቻይና መለኪያ አንዴ ተሞልታ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፏል። «እንግዲያው አምስት ኪሎ ሜትር ተርፏት ትደርሳለች» ልትሉ ነው። አትደርስም።

አንደኛ፣ የቻይናው መለኪያ የከተማ ዓይነት ዝግ ያለ ፍጥነት ስለሚበዛበት ከአውሮፓውያኑ መለኪያ ይልቅ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። አገር አቋራጭ መንገድ ላይ በፍጥነት ስትነዱ የአየሩ ግፊት ብዙ ጉልበት ይበላል። ሁለተኛ፣ መሀል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ድልድዩ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደጀን ይወጣል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ነው።

ፊዚክስ የተማራችሁ ቀመሩን ታውቁታላችሁ፦ ክብደት ሲባዛ በስበት ሲባዛ በከፍታ። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከነሰዎቹ 2,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። 2,000 × 9.8 × 1,400 ስናባዛ 27 ሚሊዮን ጁል ያህል ይመጣል፤ ይህም 7.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የጎማው ፍትጊያና የሞተሩ ብክነት ሲጨመርበት ዳገቱን ለመውጣት ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ካለው መኪና አንድ ስድስተኛው፣ 20 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ የአየር ላይ ርቀት፣ ዳገት ላይ አለቀ ማለት ነው።

ግን ቁልቁለቱም ውለታ አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይቀየራል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ቅድም የፍሬን ሸራው ቀስ ብሎ ያልቃል ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ ሞተሩ ይሠራዋል። በእኛ ምሳሌ ከቁልቁለቱ 4 ወይም 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊመለስ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ያን ጊዜ የሚሠራው ተራው ፍሬን ነው። ስለዚህ ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው እዚያው አፋፉ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ መሙላት የለበትም።

ይህን ማን ይነግራችኋል? ማስታወቂያው አይነግራችሁም። በቴሌግራም ፎቶ የላከው ነጋዴም አይነግራችሁም። ይህ የጥሩ ሻጭ ሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ አልጠፋም፤ እንዲያውም ጨምሯል።

«ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትልቅ መስታወት ያለው መሸጫ ስትፈልጉ አትድከሙ። እኛ ጋ የመኪና መሸጫው በሰው የተበተነ ነው፦ ደላላው ያገናኛል፣ መካኒኩ ይፈትሻል፣ አጎቴ ዕቃ ያቀርባሉ፣ ጎሚስታው ጎማ ይሠራል። አሮጌ መኪና ሲሸጥ ደላላው ሊብሬውን ያሳያል፤ ገዢው መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ያቆማል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ «ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህች ጥያቄ ስንት ሚሊዮን ብር ተገዝቷል፣ ተሸጧል!

የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን የሚሰማ ድምፅም የሚታይ ጭስም የለም። እዚያ ያለው ጥያቄ «የባትሪው ጤና ስንት ነው?» የሚል ነው። ባትሪ እየተሞላና እየተራገፈ ሲሄድ መያዝ የሚችለው እየቀነሰ ይሄዳል። አዲስ ሳለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ ዛሬ 48 ብቻ ከያዘ፣ ጤናው 80 በመቶ ነው እንላለን። ብዙ አምራቾች ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር ከ70 በመቶ በታች እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው እዚህ የሚሠራ ከሆነ ማለቴ ነው። ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ስለሚይዝ፣ ይህን ቁጥር ሳያዩ መግዛት ሞተር የሌለውን መኪና ከፊት ሽፋኑ ዘግቶ እንደመግዛት ነው።

ቁጥሩን የሚያነብ መሣሪያ አለ፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ያሳያል። መሣሪያውን ገዝቶ፣ ማንበቡን ተምሮ፣ በሐቀኝነት «ይሄ ባትሪ ደክሟል» የሚል ሰው በነገው ገበያ ላይ ደላላውም መካኒኩም የሚፈልገው ሰው ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ በተለይ ለወጣቶቹ። የተራ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው፤ ይገድላል። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ስታዩ እጃችሁን ሰብስቡ። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ ዋናውን መቁረጫ ነቅሎ፣ የቀረው ኃይል እስኪራገፍ ጠብቆ፣ በመሣሪያ ለክቶ፣ የጎማ ጓንት አድርጎ ነው የሚነካው። «እያየሁ እለምደዋለሁ» የሚለው የድሮው የጋራዥ ትምህርት እዚህ ጋ አይሠራም።

ማዕበሉ ማንን ቀድሞ ይመታል?

አሁን ወደ ብድሩ እንመለስ። የሰንሰለቱን ሁሉ ቀለበቶች አይተናል። ለውጡ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አይመታም፤ የአጎቴ መልስም እዚህ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ የሚመታው የአዲስ መኪና ሻጩ ነው። አዲስ የቤንዚን መኪና አይገባም ከተባለበት ቀን ጀምሮ የሚሸጠው ዕቃ ተቋርጧል። ለእሱ ለውጡ ዛሬ ነው።

ለመለዋወጫ ሻጩ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ፣ ያሉት መኪኖች ይጠፋሉ ማለት አይደለም፤ ያረጃሉ ማለት ነው። እኛ አገር መኪና 20 እና 30 ዓመት ይነዳል። ያረጀ ሞተር ደግሞ ከአዲሱ የበለጠ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮንና ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ የአጎቴ የግራ ግድግዳ ገበያው ወዲያው አይወድቅም፤ መጀመሪያ ዳገት ይወጣል፣ ከዚያ ነው ቁልቁለቱ የሚመጣው።

ቁልቁለቱ መቼ እንደሚጀምር የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቻርጅ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ሳይቀር ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ከፍቷል፤ ረጅሙ የገጠር መንገድ ግን ያን ያህል አልደረሰበትም፤ መብራቱም ይጠፋል። ሁለተኛው የነዳጅ ነገር ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ነዳጅ የሚመጣበት ቦቴም መለዋወጫ የሚመጣበት አይሱዙም አብረው ይቆማሉ። እንዲህ ባለ ቀን ቤቱ መብራት ያለው ሰው መኪናውን ከግድግዳ ሶኬት መሙላት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ምክንያት ለውጡን ያዘገየዋል፣ ሌላው ያፋጥነዋል። ስለዚህ ዓመቱን በጣት ቆጥሮ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት፤ ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ለአጎቴ የነገርኳቸው ይህን ነው። «ጋሼ፣ ዳገቱ አጭር ከሆነ ረጅም ብድር አይያዙበት። ዘይትና ፊልትሮ በየሳምንቱ የሚሸጥ ነው፤ እሱን ያብዙ። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የሚተኛ የሞተር ዕቃ ግን በብድር አይግዙ፤ እሱ ሳይሸጥ ዘመኑ ሊያልፍበት ይችላል። የቀኙን ግድግዳ ያስፉ። ጎማ፣ አሞርዛተርና ኩሽኔታ የትኛውም መኪና ቢመጣ ይፈለጋል። ከተረፈዎት ደግሞ ለልጅዎ ሥልጠናና ለባትሪ መፈተሻው መሣሪያ ያውሉት።»

አጎቴ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሻያቸውን ጨርሰው፣ «እንግዲህ ከመኪናው ጀርባ የሚቆም ሰው አይጠፋም፤ የሚቆምበት ቦታ ነው የሚቀየረው እያልከኝ ነው» አሉ። እኔ በሁለት ገጽ የጻፍኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

እናንተም ቤተሰባችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ሲነሳ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በእኛ መንገድ፣ በእኛ ዳገት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? የባትሪው ጤና ስንት ነው፣ በምንስ ተለካ? ቢበላሽ ማን፣ የት፣ በምን ዋስትና ይሠራዋል? ሦስቱንም የሚመልስላችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ መስታወትና የሚያብረቀርቅ ወለል ባይኖረውም፣ እሱ ነው የመኪና ሻጭ።

አጎቴ ከታሰበው ብድር ግማሽ ያህሉን ብቻ ወሰዱ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሊማር ተመዝግቧል። በቅርቡ ስደውልላቸው የቀኙ ግድግዳ ሞልቶ ጎማ በር ላይ መደርደር እንደጀመሩ ነገሩኝ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ካንዴላውን ግን ጨርሼ ሳልሸጥ ያ መኪናህ እዚህ እንዳይመጣ ንገርልኝ!»